ጂሲው ይጠርጋል፣ ፍሬሹ ይተኛል

ከቶኪዮ መሀል በስተምዕራብ፣ ሂኖ በምትባል ከተማ ኮረብታ ላይ አንድ የራግቢ ሜዳ አለ። ባለቤቱ ቴይኪዮ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቀይ ማሊያ ለብሰው እዚያ የሚለማመዱት ተማሪዎች ከመቶ ይበልጣሉ። ከዚያ ሜዳ ወጥተው ለጃፓን ብሔራዊ ቡድን የተሰለፉ፣ አምበል እስከመሆን የደረሱ ልጆች አሉ። የክለቡን ዝና ብዙ ሰው የሚያወራው በዋንጫው ብዛት ነው፤ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ክለብ የሚጠርገው፣ ዕቃ የሚሸከመው፣ ወዲህ ወዲያ የሚላላከው የአራተኛ ዓመቱ ተማሪ ነው። በእኛ ካምፓስ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ጂሲው (ተመራቂው) ይጠርጋል፣ ፍሬሹ (አዲስ ገቢው) ይተኛል።

ይህ ምን ያስደንቃል የሚል ሰው ካለ የጃፓንን የስፖርት ክለብ አያውቅም ማለት ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲም ፍሬሽ ትንሽ ይቀለድበታል፣ ትንሽ ይላካል፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲገባ ግን ይረሳል። በጃፓን ነገሩ ሥርዓት ነው። በአንድ ዓመት የሚቀድምህ ሰው በማዕረግ ይበልጥሃል። አዲስ የገባው ልጅ ኳስ ያጸዳል፣ ማሊያ ያጥባል፣ ውኃ ያቀርባል፣ መታጠቢያ ቤት ይፈገፍጋል፤ ታላላቆቹ ሲያርፉ እሱ ገና ሥራውን አልጨረሰም። ከዓመት በኋላ ደግሞ ተራው ደርሶ እሱ ያዛል። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲተካ የኖረው እንዲህ ነው። ቴይኪዮ ይህንን ገልብጦ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

እኔ ወደ ጃፓን የሄድኩት በመንግሥታቸው ስኮላርሺፕ ነው፤ ከዚያ በፊት ደብረ ብርሃን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። ራግቢ የሚባለውን ነገር በቴሌቪዥን እንኳን በቅጡ አላየሁትም። ታካሃታ ፉዶ በሚባለው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ክፍል ተከራየሁና አንገታቸው ከጭንቅላታቸው የሰፋ ጎረምሶች በብስክሌት ሲያልፉ፣ በሱፐርማርኬቱ እንቁላል በካርቶን ሲገዙ ማየት ጀመርኩ። እነማን እንደሆኑ የነገሩኝ የኑድል ሾርባ ቤት ያላቸው አዛውንት ናቸው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን እንደሰሙ «አበበ!» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ አበበ ሆኖ ቀረ። በዕድሜ የገፋ ጃፓናዊ ፊት ኢትዮጵያ ብላችሁ ከጠራችሁ ይህ አይቀርላችሁም። አዛውንቱ የሜይጂ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናቸው፤ ቴይኪዮን ደግሞ አይወዱም። ወደ እሳቸው ክርክር እመለሳለሁ።

ራግቢን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ በየወገኑ አሥራ አምስት ተጫዋች ተሰልፎ ለ80 ደቂቃ ይጋጠማል። እንቁላል መሳይዋን ኳስ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው። ኳሷን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት ያስነካ ቡድን አምስት ነጥብ ያገኛል። ኳስ የያዘን ሰው ተጠምጥሞ መጣል የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ጉልበትና ክብደት ቁም ነገር ናቸው፤ የ18 ዓመት ልጅ ከ22 ዓመት ጎረምሳ ጋር ሲላተም ምን እንደሚሆን ለመገመት አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም።

የጃፓን ራግቢ የተወለደው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤድዋርድ ክላርክ የተባለ መምህርና እሱን መሰል የካምብሪጅ ምሩቅ የሆነው ታናካ ጊንኖሱኬ ለኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጨዋታውን አስተማሩ። ቆይቶ ዋሴዳና ሜይጂ ተከተሉ። በሜይጂ ኪታጂማ ቹጂ የሚባሉ ሰው ከ1929 ጀምሮ እስከ ሞቱበት 1996 ድረስ አሰልጣኝ ነበሩ። የዋሴዳና የሜይጂ ግጥሚያ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደርቢ ያለ ነገር ነው፤ በ1982 በብሔራዊው ስታዲየም ከ66 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ አይቶታል። ስታዲየሙን እናውቀዋለን። አበበ ቢቂላ በ1964 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ያየው እዚያ ነው። አሮጌው ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል። የዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ ሻምፒዮናም የተጀመረው በዚያው በ1964 ነው።

ቴይኪዮ ከእነዚህ ባለ ስሞች ተርታ አልነበረም። በ1996 ኢዋዴ ማሳዩኪ አሰልጣኝ ሆነው መጡ። ኢዋዴ ከዚያ በፊት በሺጋ አውራጃ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው ያለኝ አድልዎ ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ እስኪያነሱ 13 ዓመት ፈጀባቸው። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ በእኛ አገር 13 ጨዋታ የተሸነፈ አሰልጣኝ ሻንጣውን ይዞ ነው የሚወጣው። በጥር 2010 ቶካይ ዩኒቨርሲቲን በፍጻሜው 14 ለ 13 አሸነፉ። ከዚያ እስከ ጥር 2018 በዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ያሸነፋቸው አልተገኘም፤ በተከታታይ ካነሷቸው የመጨረሻውን፣ ዘጠነኛውን ዋንጫ ከሜይጂ የነጠቁትም በአንድ ነጥብ ነው፣ 21 ለ 20። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተከታታይ ድል ነበር።

ኢዋዴ ያሰቡት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። አዲስ የገባው ተማሪ ትርፍ ጉልበት የለውም። ከቤተሰቡ የተለየው ገና አሁን ነው፤ ከተማው አዲስ ነው፣ ትምህርቱ አዲስ ነው፣ ሜዳ ላይ የሚገጥሙት ሰዎች ከእሱ ይገዝፋሉ። በዚህ ላይ ልብስ አጥበህ ሜዳ አስተካክለህ እኩለ ሌሊት ተኛ ካልከው ሰውነቱም አያድግም፣ ልቡም አይረጋም። የአራተኛ ዓመቱ ግን ሁሉንም ለምዶታል፣ ጊዜውን ማብቃቃት ያውቅበታል። ስለዚህ ትርፍ ያለው ይሥራ። አንደኛ ዓመቱ ይብላ፣ ይተኛ፣ ይማር፣ ራሱን ያጥና።

ለውጡ በአንድ ቀን ትእዛዝ አልመጣም። ሦስት ዓመት ሲላክ የኖረን ልጅ «በል አሁን ደግሞ ታናሽህን አገልግል» ማለት ብድሩን ከልክሎ ዕዳውን እንደማስቀረት ነው። ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ፣ ሥራው ከታች ወደ ላይ ተገፋ። ከዚያ ኢዋዴ የጠበቁት ነገር ሆነ። በአንደኛ ዓመቱ ታላላቆቹ ያስተናገዱት ልጅ አራተኛ ዓመት ሲደርስ ማንም ሳይጎተጉተው መጥረጊያውን ያነሳል። ታናሹም ታላቁን የሚያከብረው ስለሚፈራው አይደለም። ሜዳ ላይ ይህ ምን ይጠቅማል? ብዙ። አንደኛ ዓመቱ አራተኛ ዓመቱን «አንተ እዚህ ጋ መቆም ነበረብህ» ለማለት አፉ አይያዝም። በፍርሃት የሚኖር ቡድን ውስጥ ስህተት ያየ ልጅ ዝም ይላል፤ ራግቢ ደግሞ አንዱ ዝም ሲል ሌላው የሚወድቅበት ጨዋታ ነው።

ለዚሁ የሚጠቀሙበት ብልሃት አላቸው። በልምምድ መሀል ይቆምና ተጫዋቾች ሦስት ሦስት ሆነው ይነጋገራሉ፤ ዓመታቸውም የተደባለቀ ነው። ንግግሩ ረዥም አይደለም፤ አሁን የሠራነው ምን ነበር፣ ምን ጎደለው፣ ቀጥሎ ምን እናድርግ የሚል ነው። አሰልጣኙ ፊሽካ ነፍቶ አንድ ሰዓት ሲለፈልፍ የሚውልበት ልምምድ አይደለም። በደብረ ብርሃን የኔ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነበረች፤ ከዚያ ውስጥ የማወራው እኔ ነበርኩ። ሦስት ሰው የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሁለት ከሆኑ አንዱ አዛዥ ይሆናል፤ አሥር ከሆኑ ሰባቱ ጫማቸውን ያያሉ።

የሰውነት ጉዳይ ሁለተኛው ምሰሶ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው ክለቡ ከዚያ ይጠቀማል። የተጫዋቾቹ ደም በየጊዜው ይመረመራል፤ ማን እንደደከመ፣ ማን በቂ እንዳልበላ ውጤቱ ይናገራል። ምግባቸውን የሥነ ምግብ ባለሙያ ይከታተላል። ከሁለተኛ ደረጃ የመጣ ልጅ ወዲያው ወደ ዋናው ቡድን አይወረወርም፤ መጀመሪያ አጥንቱና ጡንቻው ግጭት የሚችል መሆን አለበት። ወላጅ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ። ቶሎ የተሰለፈ ቶሎ ይሰበራል።

በነሐሴ ቶኪዮ እንደ ምድጃ ስትሆን ክለቦች ሁሉ ናጋኖ ውስጥ ወዳለው ሱጋዳይራ ይወጣሉ። ከመቶ በላይ የራግቢ ሜዳ ያለበት ተራራማ ቦታ ነው፤ ከትምህርት ቤት ቡድን እስከ ኩባንያ ክለብ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። ከፍታው 1,300 ሜትር ግድም ነው። በእኛ አቆጣጠር ቆላ ይባላል፤ ጃፓኖቹ «የተራራ ካምፕ» ሲሉ እኔ ደብረ ብርሃንን አስቤ ሳቄን ዋጥኩ። የሚሄዱት ለቀዝቃዛው አየር እንጂ ሳንባ ለማስፋት አይደለም። ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ዋናው ቡድን ብቻ ሳይሆን ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ቡድን ሁሉ እዚያ ግጥሚያ ያገኛል። በቶኪዮና አካባቢው ለሁለተኛ ቡድኖች ራሱን የቻለ ውድድርም አለ። መቶ ምናምን ተጫዋች ይዘህ 15ቱን ብቻ ብታጫውት የቀረው ተመልካች ነው። በቴይኪዮ አራተኛው ቡድን ውስጥ ያለው ልጅም የሚጠብቀው ቅዳሜ አለው።

አሁን ወደ ልጆቹ። ሆሪዬ ሾታ የኦሳካ ልጅ ነው፤ የተማረበት ሺማሞቶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ በራግቢ ስም ያለው አይደለም። በቴይኪዮ ከፊተኞቹ መስመር ኋላ፣ ስምንት ቁጥር ለብሶ ይጫወት ነበር። በ2008 ተመርቆ ወደ ኒው ዚላንድ፣ ወደ ካንተርበሪ ሄደ፤ እዚያ ቦታውን ለውጦ ሁከር ሆነ፣ ማለትም ተጫዋቾች ተቃቅፈው በሚገፋፉበት ስክረም መሀል የሚገባው ሰው። ከ2011 እስከ 2023 በአራት የዓለም ዋንጫዎች ተጫወተ። በ2015 ጃፓን ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 ጥላ ዓለምን ጉድ ባሰኘችበት ቀን ሜዳ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሁከር አላደረገውም። አዲስ ቦታ ለመማር የሚችል ሰውነትና ጭንቅላት ይዞ እንዲወጣ ግን አድርጎታል፤ ከአንድ የተማሪዎች ክለብ ከዚህ በላይ መጠበቅም ተገቢ አይመስለኝም።

ናጋሬ ዩታካ ቁመቱ 1 ሜትር ከ66 ነው። በኩማሞቶ አራኦ የሚባል ትምህርት ቤት ተማረ። ቦታው ስክረም ሀፍ ነው፤ ኳሷን ከግፊያው ሥር አንስቶ ለማን፣ መቼ እንደምትሄድ የሚወስነው እሱ ነው። በ2014 የውድድር ዘመን የቴይኪዮ አምበል ነበር። አራተኛ ዓመት ተማሪ ማለት ነው፤ ማለትም ከሚያገለግሉት አንዱ። ወደ ሰንቶሪ ኩባንያ ክለብ በገባ በሁለተኛው ዓመት አምበልነቱን ሰጡት፣ ቡድኑም ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከውጭ የመጡ ግዙፍ ባለሙያዎች ያሉበትን ቡድን ያን ያህል ወጣትና ያን ያህል አጭር ልጅ የመራው በጉልበቱ አልነበረም።

ሂሜኖ ካዙኪ ደግሞ የተገላቢጦሽ፣ ተራራ የሚያህል ጎረምሳ ነው። በ2017 ከቴይኪዮ ወደ ቶዮታ ኩባንያ ክለብ ገባ፤ በመጀመሪያው ዓመቱ አምበል ሆነ። በ2019 ጃፓን አየርላንድን 19 ለ 12 ስታሸንፍ ከተጋጣሚው እጅ ኳስ ነጥቆ ያስቆመውን ጥቃት ጃፓናውያን እስከዛሬ ያወሩታል። በ2021 በኒው ዚላንድ ሃይላንደርስ ተጫወተ፤ በ2023 የዓለም ዋንጫ የአገሩ አምበል ነበር። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል። ሌላ ቦታ ሲሄዱ ማንም ሳይነግራቸው ኃላፊነት ወደ እነሱ ይመጣል።

በናጋሬ አምበልነት ጊዜ የሆነ አንድ ነገር አለ፣ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በየካቲት 2015 በብሔራዊው ዋንጫ ቴይኪዮ ከኤንኢሲ ክለብ ጋር ተገናኘ። ኤንኢሲ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ነው፤ ቡድኑም ያኔ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ የሚጫወት፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው አዋቂዎች ያሉበት ነበር። ተማሪዎቹ 31 ለ 25 አሸነፉ። አንድ የተማሪ ቡድን የከፍተኛውን ሊግ ቡድን ሲያሸንፍ ዋሴዳ በ2006 ቶዮታን ከረታ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ ዙር ተሸነፉ። ዛሬ ያ ውድድር ስለሌለ ተማሪ ከባለሙያ ጋር የሚፈታተንበት መድረክ ቀርቷል፤ ያሳዝናል።

አሁን የሾርባ ቤቱ አዛውንት። አንድ ማታ የሜይጂ ጨዋታ በቴሌቪዥን እንዳለቀ እንዲህ አሉኝ፦ «አበበ፣ መከራ ያላየ ሰው ራግቢ ምን ያደርግለታል? እኛ በክረምት በቀዝቃዛ ውኃ ማሊያ ስናጥብ እጃችን ይሰነጠቅ ነበር።» «ታዲያ በዚያ ምክንያት የተሻለ ተጫወቱ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እኔ ተጠባባቂ ነበርኩ» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ሁለተኛው ክሳቸው ግን የሚናቅ አይደለም፦ «ጎበዝ ጎበዙን ከየትምህርት ቤቱ ለቅመው ወስደው አሳደግን ይላሉ!»

እውነት አላቸው። ዋንጫ መብዛት ሲጀምር ምርጥ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ወደ ቴይኪዮ መጉረፋቸው አልቀረም። ከውጭ የሚመጡ ተማሪዎችም በጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ራግቢ የቆየ ታሪክ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ቶንጋውያን በ1980 ገደማ ዳይቶ ቡንካ ዩኒቨርሲቲ የገቡት አባከስ፣ በእንጨት ዘንግ ላይ በሚንሸራተቱ ዶቃዎች የሚቆጠረውን የሂሳብ መሣሪያ ሊማሩ ነበር፤ ንጉሣቸው ይህን መሣሪያ ይወዱ ነበርና። ልጆቹ ትከሻቸው ታይቶ ራግቢ ሜዳ ላይ ተገኙ። ማይክል ሊችም ከኒው ዚላንድ በ15 ዓመቱ ሳፖሮ መጥቶ፣ ቶካይ ተምሮ፣ በ2015 የዓለም ዋንጫ የጃፓን አምበል ነበር። ስለዚህ ቴይኪዮ ምንም ከሌለው ተነስቶ ጀግና ፈጠረ የሚል ታሪክ ከእኔ አትጠብቁ። የኢዋዴን ሥራ የምመዝነው ምርጦቹ መጉረፍ ከመጀመራቸው በፊት በነበሩት 13 ዓመታትና እንደ አራኦና ሺማሞቶ ካሉ ትምህርት ቤቶች በመጡት ልጆች ነው።

ሌላም ድካም አለው፣ የክለቡ ሳይሆን የሥርዓቱ። በፈረንሳይ ወይም በኒው ዚላንድ የ20 ዓመት ጎበዝ ከባለሙያዎች ጋር ይጋጠማል፤ በጃፓን እኩዮቹን ሲያሸንፍ 22 ዓመት ይሞላዋል። ዘጠኝ ዓመት ሁሉን ማሸነፍ ለዋንጫ መደርደሪያ ጥሩ ነው፤ ለተጫዋቹ ግን በሳምንቱ መጨረሻ የሚፈትነው ሰው አጣ ማለት ነው። ሆሪዬ ኒው ዚላንድ ሄዶ ያገኘው ያንን ፈተና ነው። በአንጻሩ የጃፓኑ ልጅ ዲግሪ ይዞ ይወጣል፤ ጉልበቱ ቢሰበር የሚሠራው ሥራ አለው። ከመቶ ምናምኑ አብዛኞቹ ባለሙያ ተጫዋች እንደማይሆኑ ኢዋዴ ያውቃሉ፤ አዘውትረው የሚናገሩትም ከተመረቁ በኋላ ስለሚኖሩት ሕይወት ነው። አሥራ ሰባት ሳይሞላቸው ትምህርት አቋርጠው ካምፕ የገቡ ሯጮቻችንን ሳስብ፣ የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ብዙም አልቸገርም።

በጥር 2019 ቴንሪ ዩኒቨርሲቲ በግማሽ ፍጻሜ ቴይኪዮን 29 ለ 7 ደቆሰው። አዛውንቱ ያን ሳምንት ለደንበኛ ሁሉ እንቁላል በነጻ ጨመሩ፤ ዋንጫውንም ሜይጂ ከ22 ዓመት በኋላ ወሰደው። ኢዋዴ ግን አልተነቀሉም። በጥር 2022 ሜይጂን 27 ለ 14 አሸንፈው አሥረኛውን ዋንጫ እንዳነሱ፣ በዚያው ቀን መልቀቃቸውን ተናገሩ። ቦታቸውን የያዘው ሶማ ቶሞካዙ እዚያው ተምሮ ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የክለቡ ልጅ ነው። በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ጥር ዋንጫው እዚያው ቀረ፤ በ2023 ዋሴዳን የረቱት 73 ለ 20 ነው። አሰልጣኝ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ አሠራር ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

በየዩኒቨርሲቲያችንና በየክለባችን ላላችሁ አሰልጣኞች አንድ ልመና አለኝ። የደም ምርመራና የሥነ ምግብ ባለሙያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መቼ እንደሚመጣም አላውቅም። የኳስ ከረጢቱን ማን ይሸከም የሚለው ግን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ዘንድሮ አዲሶቹ ልጆች ሲገቡ ከረጢቱን ለጂሲው ስጡትና ፍሬሹ በጊዜ ይተኛ። አንድ ዓመት ብቻ ሞክሩት፤ ደግሞም ከአንደኛው ዓመት ዋንጫ አትጠብቁ።